የሳቂታ ሥራ

ሐኪሟ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ባልና ሚስቱ አዞረችና በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሁለት ቦታ ጠቆመች። በጭንቅላቱ ምስል መሀል፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ሁለት ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እኩል ናቸው። ሰው በማስመሪያ ለክቶ ያስቀመጣቸው ነው የሚመስሉት።

ሰው «ባለሰሌዳው» የሚለው ባልየው ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲለካ የኖረ አናጢ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል። ይኼኛው ግን ደስ አላለውም። እዚህ የሚታየው የሚስቱ ጭንቅላት ነው፤ እሷ ደግሞ አጠገቡ ወንበር ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«እነዚህ ናቸው፣ አባቴ» አለች ሐኪሟ። ወጣት ናት፤ የሱን የበኩር ልጅ ብትበልጥ በጥቂት ነው። «አንጎላችን ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያስተካክል ክፍል አለ፤ ቤዛል ጋንግሊያ እንለዋለን። እጅ በልኩ እንዲዘረጋ፣ እግር በልኩ እንዲረግጥ፣ ፊት እንዲፈታ የሚያደርገው እሱ ነው። የተጎዳው እዚያ ነው።»

«ዕጢ ነው?» አለ ባለሰሌዳው። ይቺን ቃል ከቤቱ ጀምሮ አፉ ውስጥ ይዟት ነው የመጣው።

«አይመስለኝም። ዕጢ ቢሆን፣ ወይም ደም ሥር ቢዘጋ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ነው የምናገኘው። እንዲህ በሁለቱም በኩል እኩል ሲሆን ከደም ጋር የዞረ ነገር አለ ብለን እንጠረጥራለን። ጉበት ሲታመም ይመጣል። መዳብ ከሰውነት አልወጣ ሲልም ይመጣል፣ እሱ በዘር የሚሄድ ነው። ስኳርም አለ፣ የከሰል ጭስም አለ፣ የተበላሸ መጠጥም፣ መርዛማ አቧራም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱን ማግኘት አለብን።»

«ብናገኘውስ?»

«ካገኘነው እናስቆመዋለን። የሄደው ሁሉ ይመለሳል አልልዎትም፤ የቀረውን ግን እናተርፋለን። ካላገኘነው እየባሰ ይሄዳል። መራመዱም፣ መናገሩም፣ በኋላም መዋጡም።»

«መዋጡም» የምትለዋ ቃል ባለሰሌዳው ጆሮ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። ከዚያ በኋላ ሐኪሟ የተናገረችውን ግማሹን የሰማው በዚያች ቃል ላይ ተደርቦ ነው።

ሐኪሟ መጠየቅ ጀመረች። የምትጠይቀው ሚስትየዋን ነው፤ የሚመልሰው ባልየው ነው። በክፋት አይደለም። የሚስቱ ድምፅ ከጥቂት ወራት ወዲህ ከሹክሹክታ አልፎ አያውቅም፣ አንድ ቃል እስክታወጣ ድረስ ሰው ይሰለቻል፤ እሱ ደግሞ ጭንቀት ሲይዘው ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ የማይችል ሰው ነው።

«መጠጥ ይጠጣሉ?»

«እሷ? ከሳል ሽሮፕ ሌላ በአፏ ዞሮ አያውቅም።»

«መድኃኒትስ የሚወስዱት አለ?»

«ለራስ ምታት አልፎ አልፎ። እሱንም ለምኛት ነው።»

«ሥራዎ ምንድን ነው? ብየዳ ወይም የማዕድን ቁፋሮ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ያውቃሉ?»

«ሥራ የላትም፣ ዶክተር። ቤት ነው የምትውለው። የምሠራው እኔ ነኝ፤ ለትምህርት ቤቶች ጥቁር ሰሌዳ እሠራለሁ። አናጢ ነኝ።»

«እንጨት» አለች ሐኪሟ፣ ለራሷ ያህል።

«እንጨት» አለ እሱም።

ሚስቱ አፏን ከፈት አደረገች። አንድ ነገር ልትል ነበር፤ ቃሉ ከመድረሱ በፊት ሐኪሟ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች፣ አፏም ቀስ ብሎ ተከደነ። ባለሰሌዳው አላየም። ዐይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር።

የባለሰሌዳውን ሚስት የሰፈሩ ሰው «ሳቂታ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው፤ ሳቋ አጥር ተሻግሮ ሰው ቤት ስለሚገባ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ አንድ አዛውንት ወንበር ስተው መሬት ሲቀመጡ አይታ ሳቋን ለማፈን መሐረቧን ግማሹን ውጣዋለች ይባላል። ባሏ ቁም ነገረኛ ነኝ የሚል ዓይነት ስለሆነ ሲቆጣት ኖሯል፤ ማታ ማታ ግን ያቺን የአዛውንቱን ነገር ደግማ እንድትነግረው የሚጠይቃት እሱው ራሱ ነው።

ፊቷ መሳቅ ሲያቆም ታዲያ መጀመሪያ ያሰበው ያኮረፈች መሆኗን ነበር። ባል ሆኖ ራሱን ሲፈትሽ ጥፋት የሚያጣ የለም፤ እሱም ፈለገና አገኘ። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ «ያን የመብራት መስታወት የሰበረው ድመቷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» ብሎ ተናዘዘ። ሳቂታ በዚያው ፊት አየችው። በማግስቱ ደግሞ፣ ወንድሟ መሰርሰሪያ ሊዋስ የመጣ ቀን «የለም በሉት» ያለው እሱ መሆኑን ጨመረ። አሁንም ያው ፊት ነው። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቱ አለቀና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የማወራው ከሰው ጋር ነው ወይስ ከግድግዳ ጋር?» አለ።

«አልተቆጣሁም» አለች ሳቂታ በቀጭን ድምፅ።

አላመናትም። ዛሬ ያቺን ቀን ሲያስባት ያፍራል።

ከዚያ መውደቅ መጣ። ከጠረጴዛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ፣ ቀጥ እንዳለች፣ እጇን እንኳ ሳትዘረጋ ወደ ኋላዋ ወደቀች። አረማመዷ ተለወጠ፤ ተረከዟን አንሥታ በጣቶቿ እየረገጠች ትሄዳለች፣ የሰፈሩ ልጆች ከኋላዋ እየተከተሉ እንደ አውራ ዶሮ ይሄዱ ጀመር። አንድ ቀን ጫማዋን እያሰረች ሳለ ያለምንም ምክንያት እንባዋ ወረደ። «ምን ሆንሽ?» ሲላት፣ «እኔ እንጃ፣ እያዘንኩ አይደለም» አለችው። ያን ጊዜ ነው ባለሰሌዳው ሐኪም ቤት የወሰዳት።

ከሐኪም ቤት እንደተመለሱ ማጥናት የጀመረው ቤቱን ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ ከውሃው ተነሣ፤ ማጠራቀሚያውን ደፍቶ በብሩሽ ፋቀው፣ የቧንቧውን ጫፍ በአዲስ ለወጠው። ከዚያ ወደ ጋዝ ምድጃው ዞረና ጭስ ይሆናል ብሎ ውጪ አወጣው፤ ሁለት ቀን ቀዝቃዛ ምግብ በሉ። የራስ ምታት መድኃኒቷን ጣለ። ያረጀውን ድስት፣ «መዳብ ይሆን እንዴ?» እያለ በምስማር ጫረው፤ ብረት ሆኖ ተገኘ።

«ደግሞ ምኔ ቀረህ?» አለች ሳቂታ፣ የፀጉር ቅባቷን ጠርሙስ ይዞ ሲወጣ አይታ። ጊዜ ወሰደባት፤ ቃሉ ግን የድሮዋ የሳቂታ ቃል ነበር። እሱም ሊስቅ ብሎ አቃተው።

የምርመራው ውጤት ደግሞ አንድ በአንድ ይመጣል። ጉበቷ ደህና ነው። ስኳር የለባትም። መዳቡ በልኩ ነው፣ ስለዚህ በዘር የሚሄደውም አይደለም። ሌላ ሰው እንኳን ደስ ያለህ የሚባልበት ወረቀት ሁሉ እሱን ያስደነግጠው ጀመር። አንድ ምክንያት በተሰረዘ ቁጥር «መዋጡም» የምትለዋ ቃል አንድ እርምጃ ትቀርበዋለች። ሚስቱ ስትበላ ጉሮሮዋን እያየ መቀመጥ ልማድ ሆነበት። ውሃ ስትጠጣ እሱ አብሮ ይውጣል።

በመጨረሻ ራሱን ጠረጠረ። የቫርኒሽ ቆርቆሮና የኮላ ጣሳ በላስቲክ ጠቅልሎ ሐኪሟ ዘንድ ሄደና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው። «ዶክተር፣ እኔ ነኝ መሰለኝ የመረዝኳት።»

ሐኪሟ ጽሑፉን አገላብጣ አነበበች። «ይህን የሚቀባው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እርስዎ ምን ይሰማዎታል?»

«አስም አለብኝ፣ ከልጅነቴ። ሌላ ምንም።»

«ይህ ቢሆን ኖሮ እርስዎን ይቀድም ነበር፣ አባቴ» አለችና ቆርቆሮውን መለሰችለት። «እስቲ በሌላ በኩል ያስቡት። እርስዎ የማይጠጉት፣ እሳቸው ብቻ የሚጠጉት ነገር ምንድን ነው?»

ሌላው ቢቀር ከዚህ ጥያቄ በኋላ ይገባዋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ባለሰሌዳውን አያውቀውም። መንገዱን ሁሉ አሰበ። እሷ ብቻ የምትጠጋው፤ እሱ የማይጠጋው። ሳሙና? ልብስ የምታጥበው እሷ ናት። ቤት እንደደረሰ ያለውን ሳሙና ሁሉ ሰብስቦ ጣለ።

የዚህን ሰው ዐይነ ልቡና ምን እንደጋረደው ለማወቅ ሰሌዳ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምፔንሳቶውን የሚቆርጠው፣ ጠርዙን የሚልገው፣ እግር የሚያወጣለት እሱ ነው። ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ባለው ግቢ ነው የሚሠራው፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያየዋል፣ «በርታ ባለሰሌዳው!» ይለዋል። ጥቁሩ ግን የሚመጣው ከጓሮ ክፍል ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ በጆንያ ይሰበሰባል፤ ቆርቆሮው በመዶሻ ይሰበራል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ወጥቶ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ከኮላ ጋር ይበጠበጣል። በሩና መስኮቱ ይዘጋል፤ ዱቄቱ በጣም ስለሚልም ትንሽ ንፋስ ካገኘው የቀን ልፋት በኖ ይሄዳል።

እንደተጋቡ የሚወቅጠው እሱ ነበር። አንድ ቀን አስሙ ተነሥቶበት ከጓሮው ክፍል እየተጎተተ ሲወጣ ሳቂታ ዘነዘናውን ከእጁ ነጠቀችው። «ያንተ ደረት ይኼን አይችልም፤ ስጠኝ» አለች፣ እየሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘነዘናው የሷ ሆነ፤ እሱም ያን ክፍል ረግጦ አያውቅም። ወግ ነውና ዕቃ ማጠብ፣ ወለል መጥረግ፣ ባትሪ ድንጋይ መውቀጥ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተጠቅልሎ የቤት ውስጥ ጣጣ ተባለ። ባለሰሌዳው ለደንበኞቹ አፉን ሞልቶ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ «የኔ ሰሌዳ አይነጣም!» ይላል። እውነትም አይነጣም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት ይህን ነው፤ እሱ ግን መዳቡን ሚስቱ ደም ውስጥ ሲያስፈትሽ ሰነበተ።

በዚህ ጭንቀት መሀል የበኩር ልጃቸው መጣች። አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ትሸጣለች፤ የእናቷን ነገር ሰምታ ፈቃድ ጠይቃ ነው የመጣችው። እንደ እናቷ ፈጣንና ቀልደኛ ናት። በሩን ከፍታ ስትገባ የተጣለውን ምድጃና የሳሙናውን ክምር አይታ፣ «አባዬ፣ ልትፈናቀሉ ነው እንዴ?» አለች። ቀጥላ እናቷን አየቻት። ቀልዷ እዚያው ላይ ቆመ።

አንድ አዲስ ትምህርት ቤት ለክፍሎቹ ሁሉ ሰሌዳ አዝዞ ነበር። ትምህርት ሊጀመር ነው፤ ርዕሰ መምህሩ በየቀኑ ይደውላል። ሰሌዳዎቹ ተቆርጠው፣ ተልገው፣ ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ፤ የሚቀባቸው ጥቁር ግን የለም። ሳቂታ ዘነዘና ማንሣት ካቆመች ወራት አልፈዋል።

«እኔ እወቅጠዋለሁ» አለች ልጅቱ።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለ ባለሰሌዳው። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ትንሽ የቀለለው ያን ጊዜ ነበር። ሳቂታ ከተቀመጠችበት እጇን ወደ ልጇ አነሣች፤ እጁ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሐሳቡን ሳይናገር ተመለሰ። ልጅቱ የጓሮውን ክፍል በርና መስኮት ዘጋች። ብዙም ሳይቆይ የዘነዘናው ድምፅ ይሰማ ጀመር።

ባለሰሌዳው ይህን ድምፅ ሲሰማ ነው የኖረው። መላጊያውን የሚገፋው በሱ ምት ነው። ልጁ ስትወቅጥ እሱ ሲልግ፣ ሳቂታ በሁለቱ መሀል በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ጥቂት ቀን እንዲህ አለፈ። ልጅቱ ማታ ራሷን እንደሚያማት ትናገራለች፤ «መናኸሪያውስ ከዚህ ይሻላል» እያለች ትስቃለች። እሱም፣ «ስላልለመድሽ ነው» ይላታል።

የመጨረሻው ሰሌዳ ሲቀር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቱ ከጓሮው ክፍል ወጣች። ቅንድቧ ሳይቀር ጠቁሯል። በረንዳው ጋ ስትደርስ አስነጠሳትና ከኪሷ መሐረብ አውጥታ ተናፈጠች። ከመናኸሪያ ይዛው የመጣችው አዲስ መሐረብ ነው፣ ነጭ። ዘርግታ አየችውና፣ «ወይ ጉድ! አባዬ፣ ተመልከት እስቲ፣ ውስጤ ሳይቀር ሰሌዳ ሆኗል» ብላ እየሳቀች አሳየችው።

መሐረቡ ላይ ሁለት ነጠብጣቦች ነበሩ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። እኩል ናቸው።

ባለሰሌዳው ብሩሹን ያዘ እንጂ መቀባቱን ረሳው። መሐረቡን ከልጁ እጅ ወሰደ። ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጎ አየው፤ ያው ነው። የሐኪሟ እስክሪብቶ ጫፍ የጠቆማቸው ሁለቱ ናቸው። ከዚያ ጥያቄዋ መጣበት። እርስዎ የማይጠጉት፣ እሳቸው ብቻ የሚጠጉት።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

አልመለሰላትም። ወደ ሳቂታ ዞረ። «አንቺ፣ መሐረብሽን አምጪ።»

ሳቂታ ቀስ ብላ ከእጅጌዋ አወጣችው። ጥቁር ቡናማ ነው። ወደ ውስጥ ሮጦ ገባና መሳቢያዋን ከፈተ። በደንብ ታጥበው፣ ታጥፈው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ጥቁር፣ ቡናማ፣ ጥቁር ሰማያዊ። አንድ ነጭ የለም። ሲጋቡ እናቱ የሰጠቻት መሐረቦች ነጭ እንደነበሩ ያስታውሳል። እነሱ የት ገቡ?

«ነጩስ?» አለ ከመሳቢያው አጠገብ። ድምፁ ጮኸበት። «ነጮቹ መሐረቦችሽስ?»

ምላሹ እስኪመጣ ቆየ። አሁን ግን ጠበቃት።

«ነጭ» አለች ሳቂታ ከበረንዳው፣ «እኔ ጋ አይበረክትም።»

ባለሰሌዳው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አስሙ ተነሣበት። ልጅቱ መድኃኒቱን ይዛ ስትሮጥ መጣች፤ እሱ በእጁ እየገፋት፣ «እኔን ተዪኝ! አንቺ ታጠቢ! ፊትሽን፣ አፍንጫሽን፣ ልብስሽን ሁሉ! ሁለተኛ እዚያ ክፍል እንዳትገቢ!» ይላል፣ በየቃሉ እያፏጨ። ልጅቱ አባቷን እንዲህ ሆኖ አይታው ስለማታውቅ ፈርታ ሄደች። ሙቀጫውን፣ ወንፊቱን፣ ጆንያውን፣ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ያወጣው እሱው ነው። በሩን ግን ከፍቶ ተወው፤ ንፋስ ይግባበት ብሎ። ርዕሰ መምህሩ ሲደውል፣ «የለኝም» ብሎ ዘጋው። ሰውየው መልሶ ቢደውል ስልኩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

በነጋታው ሐኪም ቤት ሲገቡ ሦስት ሆነው ነው። ልጅቱ ውጪ ወንበር ላይ ቀረች፣ ተራዋን እየጠበቀች። ባለሰሌዳው ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ዶክተር፣ መጀመሪያ ቀን የጠየቁኝን ይድገሙልኝ።»

«የቱን፣ አባቴ?»

«ሥራዋን።»

ሐኪሟ አንዴ እሱን አንዴ ሚስቱን አየች። «ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ሥራ አላት» አለ ባለሰሌዳው። ሌሊቱን ሲያዘጋጀው ያደረ ብዙ ነገር ነበረ፤ ከጉሮሮው የወጣው ይኸው ብቻ ነው። ነጩን መሐረብ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ይኼ የልጄ ነው። ከጀመረች ጥቂት ቀኗ ነው። የእናቷ ግን...» ብሎ አቆመ።

«ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«የባትሪ ድንጋይ ሆድ ዕቃ። ሰሌዳው የሚጠቁርበት።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጥቁሩ ውስጥ ማንጋኒዝ የሚባል ብረት አለ አለች፤ ዱቄቱን ለዓመታት የተነፈሰ ሰው አንጎሉ ውስጥ ሲጠራቀምበት መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ሁለቱ ቦታ ላይ ነው። ደማቸውን እናያለን፣ መድኃኒትም እንሞክራለን፣ የሄደው ምን ያህል እንደሚመለስ ግን አሁን መናገር አልችልም አለች። ባለሰሌዳው ስለ ልጅቱ ጠየቃት። «እሷ ደህና ትሆናለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በጊዜ ነው ያቆመችው።» ከዚያ ያለ ቁጣ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ «ያኔ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?» አለችው።

ባለሰሌዳው መሐረቡን አጠፈው። ከጎኑ ያቺ ቀጭን ድምፅ መጣች።

«ኧረ እሱ እንኳ...» አለች ሳቂታ፣ ባሏን ልታድነው ነው መሰል፣ «...ሥራም አይባል።»

«ይባላል» አለ ባለሰሌዳው። እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

ሐኪሟ ወንበሯን ጎትታ ሳቂታ ፊት ለፊት አደረገችው። «እናቴ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። እንዴት ነው የሚሠሩት?»

የሳቂታ አፍ ተከፈተ፤ ቃሉ አልመጣም። ባለሰሌዳው መልሱን ያውቀዋል፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ከንፈሩን ነክሶ እጁን ጉልበቱ ላይ ጫነ።

«መጀመሪያ ድንጋዩን እሰብረዋለሁ» አለች ሳቂታ። «ቆርቆሮውን እጥላለሁ። ጥቁሩን እወቅጠዋለሁ።» አረፈች። «በር ዘግቼ ነው። ንፋስ እንዳይወስድብን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እነፋዋለሁ። ሌላው ሰው አንዴ ነው የሚነፋው። እኔ ሁለት ጊዜ ነው።» እንደገና ቆመች። ማንም አላቋረጣትም። «አንዴ የተነፋ ሰሌዳ ይነጣል። የኔ አይነጣም።»

ፊቷ እንዳለ ነበር፤ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰበትም። ድምፅዋ ውስጥ ግን ኩራት ነበረ። ባለሰሌዳው ያን ኩራት ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።